በጨዋታ የበረረች፣ በመሬት ያልተነሳች አውሮፕላን



በዚህ እትም ስለ አንዲት አውሮፕላን ልናወጋችሁ ነው። ስሟ ኤክስኤፍቪ-12ኤ ይባላል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከመርከብ ላይ ያለ መንደርደሪያ ቀጥ ብላ እንድትነሳ፣ ከዚያም ከድምፅ በእጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት እንድትበር አስቦ ያሠራት ተዋጊ ጄት ነበረች። በዕድሜዋ ግን አንድም ቀን አልበረረችም። እኛ በስልክና በላፕቶፕ አብርረናታል። እንዴት እንዳበረርናትና ነገሩ ለምን እስከ ዛሬ እንደሚያነጋግረን እንነግራችኋለን። ኢንጂነሪንግ የማይማር አንባቢ አይሽሸን፤ ቀመር የለበትም፤ ጉዳዩም የኢንጂነሮች ብቻ አይደለም።

«እኛ» ስንል አራት የአንድ ዶርም ልጆች ነን፤ ሦስታችን ሜካኒካል፣ አንዳችን ኤሌክትሪካል። የጨዋታው ስም ሲምፕልፕሌንስ ነው። ዋናው ሥራው ግንባታ ነው። ገላውን፣ ክንፉን፣ ሞተሩን፣ ጎማውን አንድ በአንድ እያገጣጠማችሁ የራሳችሁን አውሮፕላን ትሠራላችሁ። የክብደቷ ማዕከል የት እንደሆነ፣ የክንፏ ማንሻ ኃይል የት ላይ እንደሚያርፍ፣ የሞተሩ ግፊት በየት በኩል እንደሚያልፍ በምልክት ያሳያችኋል። ከዚያ ታስነሷታላችሁ። አሠራራችሁ ከተዛባ ትገለበጣለች። «ጨዋታ ጊዜ መግደያ ነው» የሚሉን ወንድሞች አሉ፤ ብዙ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ይህኛው ግን በክፍል በቦርድ ላይ ያየነውን በእጃችን አስነክቶናል፤ አልሐምዱሊላህ።

አሁን ወደ አውሮፕላኗ። ባሕር ኃይሉ ምን ፈልጎ ነው እንዲህ ያለች ነገር ያሠራው? ግዙፍ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ዋጋው አይቀመስም። አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚያስፈነጥር መሣሪያ፣ ሲያርፍ ጎትቶ የሚያቆም የብረት ገመድ፣ በሺዎች የሚቆጠር ባሕርተኛ ይፈልጋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የባሕር ኃይሉ አዛዥ የነበሩት አድሚራል ኤልሞ ዙምዋልት አነስ ያለና ዋጋው የሚቻል መርከብ ይሠራ የሚል ሐሳብ አመጡ። «የባሕር መቆጣጠሪያ መርከብ» ተባለ። መርከቡ ትንሽ ከሆነ መንደርደሪያ አይኖረውም፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚነሳና ቀጥ ብሎ የሚያርፍ አውሮፕላን የግድ ሆነ።

እንግሊዞች በዚያን ጊዜ ሃሪየርን ሠርተው ነበር። ሃሪየር አንድ ሞተርና አራት የሚዞሩ ኖዝሎች አሉት። ኖዝሎቹ ወደ ታች ሲዞሩ ይነሳል፤ ወደ ኋላ ሲዞሩ ወደ ፊት ይበራል። ቀላልና ብልህ አሠራር ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ በረራ የድምፅን ፍጥነት አያልፍም። አሜሪካኖቹ ቀጥ ብላም የምትነሳ፣ ከድምፅም የምትፈጥን ፈለጉ። በ1972 የሮክዌል ኩባንያ ንድፍ ተመረጠ።

የሮክዌል ሐሳብ የሚገርም ነው። ሚኒባስ በፍጥነት ሲያልፍ የመንገድ ዳር አቧራና ፌስታል ተከትሎት ሲሮጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ። በፍጥነት የሚሄድ ነገር በዙሪያው ያለውን አየር ይዞት ይሄዳል። ከጠባብ ስንጥቅ በኃይል የሚወጣ የሞተር ጋዝም እንዲሁ ነው፤ በአጠገቡ ያለውን የማንም ያልሆነ አየር ይጎትተዋል። ይህ ለምን ይጠቅማል? ጥቂት አየር በጣም በፍጥነት ከመወርወር ይልቅ ብዙ አየር በዝግታ መወርወር በዚያው ጉልበት የበለጠ ግፊት ይሰጣል። ሄሊኮፕተር ከጄት ያነሰ ጉልበት ባለው ሞተር ቀጥ ብሎ የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የሮክዌል ሰዎች የሞተሩን ጭስ ከኋላ እንዳይወጣ ዘጉትና በቱቦ አዙረው ወደ ክንፎቹ ላኩት። አውሮፕላኗ ከኋላ ሁለት ትልልቅ ክንፎች፣ ከፊት ደግሞ ካናርድ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ክንፎች ነበሯት። ክንፎቹ እንደ ቢሮ መስኮት አግድም መጋረጃ ይከፈታሉ። በመካከላቸው ጋዙ ወደ ታች ሲተኮስ ከላይ ያለውን አየር ስቦ አብሮት ያወርደዋል። በአየር ላይ ከሆነች በኋላ መጋረጃው ይዘጋል፤ ክንፉ ተራ ክንፍ ይሆናል፤ ጭሱም ወደ ኋላ ይለቀቃል። ለማንሻ ብቻ የሚሸከሙት ተጨማሪ ሞተር የለም። በወረቀት ላይ ስታዩት «እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላሰበውም?» ያሰኛል።

በላቦራቶሪ ተሞከረ። ውጤቱ የሞተሩ ግፊት በ55 በመቶ እንደሚጨምር አሳየ። ሞተሩ 100 ቢሰጥ ክንፉ 155 አድርጎ ይመልሳል ማለት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ አውሮፕላኗ ተሠራች። ወጪ ለመቀነስ አፍንጫዋና ጎማዎቿ ኤ-4 ስካይሆክ ከሚባለው፣ የአየር ማስገቢያዋ ኤፍ-4 ፋንተም ከሚባለው አውሮፕላን ተወሰዱ። በ1977 በኦሃዮ ግዛት በኮሎምበስ ከተማ ከፋብሪካ ወጣች።

በ1978 ወደ ቨርጂኒያ፣ ወደ ናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ተወሰደች። እዚያ ቁመቱ 70 ሜትር ገደማ የሆነ ግዙፍ የብረት ማማ አለ፤ ኒል አርምስትሮንግና ባልደረቦቹ ጨረቃ ላይ ማረፍን ከተለማመዱባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አውሮፕላኗን በኬብል አንጠለጠሏትና ሞተሯን አስነሱ። ለስድስት ወር ያህል ለኩ። በክንፉ ላይ የተገኘው ጭማሪ 19 በመቶ ሆነ። በካናርዱ ላይ 6 በመቶ። በላዩ ላይ ጋዙ በረጅም ቱቦ ሲጓዝና ሲታጠፍ ኃይሉን በየመንገዱ ይጥላል። ይህን የዶርም ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ምድር ቤት ያለው ቧንቧ እየፈሰሰ አራተኛ ፎቅ ያለው ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ሲደመር አውሮፕላኗ ማንሳት የቻለችው የራሷን ክብደት 75 በመቶ ብቻ ነበር። 75 በመቶ የሚያነሳ አውሮፕላን ደግሞ አይነሳም። በ1981 ፕሮጀክቱ ተዘጋ።

ልብ በሉ፤ የላቦራቶሪው ሰዎች አልዋሹም። 55ቱ በዚያ ላቦራቶሪ፣ በዚያ ትንሽ ሞዴል ላይ እውነት ነበር። ትልቋ አውሮፕላን ላይ ግን እውነት አልሆነም። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ያሳየው ኬብሉና ማማው ነው።

እኛ ይህችን አውሮፕላን በጨዋታው ለመሥራት ስንነሳ መልኳ አላስቸገረንም። ፎቶዋን እያየን ከፊት ካናርዱን፣ ከኋላ ክንፎቹን፣ በክንፎቹ ጫፍ ላይ የቆሙትን ጅራቶች ሠራን። ችግሩ ክንፉን ከፍተን ጋዝ የምንልክበት ጊዜ መጣ። ጨዋታው ስለ ተጎታች አየር አያውቅም። ክንፍ ለጨዋታው በነፋስ ውስጥ ሲሄድ የሚያነሳ ነገር ነው፤ ሞተር ደግሞ በአንድ ነጥብ ላይ የሚገፋ ኃይል ነው። ጋዝ በስንጥቅ ሲያልፍ ጎረቤቱን አየር ይጎትታል የሚለው ነገር በውስጡ አልተጻፈም። ስለዚህ ይህችን አውሮፕላን በጨዋታ ለማብረር አንድ መንገድ አለ፦ ጨዋታው ቀጥ ብሎ ለመነሻ ያዘጋጃቸውን ትንንሽ ኖዝሎች ወስዶ በክንፉ ሆድ ውስጥ መደበቅ። ከውጭ አይታዩም። ኃይላቸውንም እስክትነሳ ድረስ መጨመር ይቻላል።

አንዱ ጓደኛችን «ይኸው፣ ሮክዌል ያቃተውን እኛ ቻልን!» ብሎ ቀለደ። ሳቅን። ከዚያ ኤሌክትሪካሉ ጓደኛችን «ቆይ፣ ምኑ ነው የሚያነሳት?» አለ። ለጥያቄው መልስ አልጠፋንም፤ የሚያነሳት የተደበቀው ኖዝል ነው፣ ቁጥሩን የሰጠነውም እኛ ነን። ስለዚህ ሁለት አውሮፕላን ለመሥራት ተስማማን፤ መልካቸው አንድ፣ ውስጣቸው ሁለት።

«ሀ» ያልናት እውነተኛዋ ናት። የኖዝሎቿ ኃይል ተደምሮ ከክብደቷ 75 በመቶ እንዲሆን አደረግን። ከፊት ያለውንም ከኋላው አሳነስነው፤ ላንግሊ ላይ የካናርዱ ጭማሪ ከክንፉ ያነሰ ነበርና። ሞተሩን እስከ መጨረሻ ከፈትን። ጎማዎቿ ላይ ትንሽ ቀለል አለች፤ ጅራቷ ለመነሳት ሞከረ፣ አፍንጫዋ ግን መሬት ላይ እንደተደፋ ቀረ። ያኔ የገባን ነገር አለ፦ ክብደትን የሚያህል ኃይል ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ ኃይሉ ከክብደቱ ማዕከል ጋር መመጣጠን አለበት። ከፊት ያለው ክንፍ ከሰነፈ ከኋላ ያለው ቢበረታም ትርፉ መደፋት ነው።

ሚዛኗን አስተካክለን ደግመን ሞከርን። ዝም ብላ ቆመች። እኛም ሞተሩን ሳናጠፋ ጠበቅን። ነዳጅ ሲቃጠል ክብደቷ ይቀንሳልና ነዳጇ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጎማዋ ከመሬት ለቀቀ። ዶርሙ በጩኸት ተናጋ። ወዲያው ነዳጁ አለቀና ዘጭ አለች። ለባሕር ላይ ጦርነት የታሰበች አውሮፕላን ያለ ነዳጅ ብቻ ብትነሳ ለማን ትጠቅማለች?

«ለ» ደግሞ የምትበረዋ ናት። የኖዝሎቿን ኃይል ጨምረናል። ቀጥ ብላ ትነሳለች፣ ቀስ ብላ ወደ ፊት ታዘነብላለች፣ ክንፏ ነፋስ ሲይዝ ትፈተለካለች። ታምራለች። በስሟ ሥር «የማንሻ ኃይሏ በእኛ የተጨመረ ነው» ብለን ጻፍንባት።

በዲፓርትመንታችን የኤግዚቢሽን ቀን ሁለቱንም በላፕቶፕ አሳየን። ሰዉ «ለ» ላይ ተሰበሰበ፤ አጨበጨበ፤ ቪዲዮ ቀረጸ። «ሀ»ን የሚያይ አልነበረም። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት እህት ግን ቆማ ሁለቱን አየችና «ይቅርታ ወንድሞች፣ ይቺኛዋ አትነሳም እኮ፤ ለምን ታሳያላችሁ?» አለች። መልስ ከመስጠታችን በፊት ማስታወሻውን አንብባ ጨረሰች። ከዚያ «እ... የታሪኳ እውነት ይቺኛዋ ናት ማለት ነው» ብላ ራሷ መለሰችው። በዕለቱ ከሰማነው ጭብጨባ ሁሉ ይህ ዓረፍተ ነገር በለጠብን።

ከእኛ ሦስቱ በመድረሳ አልፈናል። በልጅነታችን ቁርኣን ስንቀራ ሃያና ሠላሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲያሰማ ቤቱ ይናጋ ነበር። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሁሉም ሐፊዝ ይመስላል። የማያውቀውም ልጅ የጎረቤቱን ድምፅ ተከትሎ አፉን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፁ ይሸከመዋል። ኡስታዛችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እጃቸውን አንስተው ሁሉንም ጸጥ ያሰኙና ወደ አንዱ ልጅ ዞረው «አንተ፣ ብቻህን» ይላሉ። በራሱ ያወቀውና በጓደኛው ድምፅ ሲንሳፈፍ የቆየው ያን ጊዜ ይለያል። ጭካኔ አልነበረም። ያላወቀውን አያባርሩትም፤ ሎሁን ይዞ ካቆመበት እንዲጀምር ያደርጉታል። ያልያዝነውን ይዘናል ብለን ወደ ሚቀጥለው ሱራ እንዳንሻገር ነው። ስለ ላንግሊ ማማ ስናነብ ለሁላችንም የታወሰን ይህ ነው። አውሮፕላኗ እስከዚያ ቀን በብዙ ድምፅ ታጅባ ነበር፤ በንድፍ፣ በሞዴል፣ በተስፋ። ኬብሉ ላይ ሲያንጠለጥሏት «አንቺ፣ ብቻሽን» ተባለች።

በመንግሥት ትምህርት ቤት ያየነው ደግሞ ሌላ ነው። የፊዚክስ ላብ ላይ የስበት ፍጥነት 9.8 እንደሚመጣ ሁሉም አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ፔንዱለሙ ሳይወዛወዝ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ መሙላት የተለመደ ነገር ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ልኬቱ ግን የለም። ተማሪው የሚወጣው 9.8ን አውቆ ነው፤ 9.8 ከየት እንደመጣ ሳያውቅ። በጨዋታው ቋንቋ ብንናገር ክንፉ ውስጥ ኖዝል ደብቋል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ነገሩ አሁን በራሳችን ላይ ስለመጣ ነው። ሦስታችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ነን። የመረጥነው በአየር የሚታገዝ የከሰል ምድጃ ነው፤ ከትንሽ ፋን የሚወጣ አየር በጠባብ ቀዳዳ እየተተኮሰ የአካባቢውን አየር ስቦ ወደ ከሰሉ እንዲያስገባ። አስተውላችሁ ከሆነ ሐሳቡ የዚያች አውሮፕላን ታናሽ ወንድም ነው። በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ውጤቱ ያማረ ነበር። ቆርቆሮ ቆርጠን፣ አበይደን፣ ወርክሾፕ ውስጥ ስንለካው ግን የሚሳበው አየር ሲሙሌሽኑ ካለው ከግማሽ በታች ሆነ። ደግመን ለካን። ያው ነው።

አሁን ሪፖርት የሚጻፍበት ጊዜ ነው። ከእኛ በፊት ያለፉ አንዳንድ ልጆች በቅንነት መክረውናል፦ «ሲሙሌሽኑን ግራፍ አስገቡ፣ የምድጃውን ፎቶ አስገቡ፤ ማን ይለካዋል?» አዎ፣ ማንም አይለካውም። ፈታኞች ሃያ ደቂቃ ተቀምጠው ይሄዳሉ። የሚያምረው ግራፍ ጥሩ ነጥብ ያስገኛል፤ ጥሩ ነጥብ ሥራ ለመቀጠር ይረዳል፤ ከመካከላችን ደግሞ ቤተሰቡ የሱን መመረቅ ቀን እየቆጠረ የሚጠብቅ አለ። ነገሩ ቀላል ነው ብለን አናሳንሰውም።

ነገር ግን ምድጃውን የምትገዛው እናት ትለካዋለች። ግራፉን አታየውም፤ ከሰሏን ታያለች። ነገ የምንሠራው የውሃ ፓምፕ በሪፖርት ላይ ውሃ አያወጣም፤ ድልድዩም በሲሙሌሽን ሰው አያሻግርም። በጨዋታው ቁጥሩን የምንጨምረው እኛ ነን። ከጨዋታው ስንወጣ ብረቱ፣ አየሩና ከሰሉ ቁጥራቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጣሉ። አማና የሚባለው ነገር ለኢንጂነር የሚጀምረው እዚህ ጋ ይመስለናል፤ የለካነውን ቁጥር እንደለካነው ለሚቀጥለው ሰው ማድረስ ላይ።

ስለዚህ ተማክረን ወስነናል። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን እንጽፋለን። ሲሙሌሽኑ ይህን አለ፣ ወርክሾፑ ይህን አለ፣ ልዩነቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል የምናስበው ይህ ነው። የቀዳዳው ጠርዝ ሻካራ ነው፣ ቱቦው ሁለት ቦታ ይታጠፋል፣ አየሩና ከሰሉ የሚገናኙበት ቦታ አጭር ነው። እነዚህን አንድ በአንድ እየቀየርን እንደገና ለመለካት ጊዜ ቀርቶናል፤ ይሻሻል ይሆናል፣ ላይሻሻልም ይችላል። ነጥባችን ቢቀንስ እንኳን ከእኛ በኋላ ይህን ምድጃ የሚይዝ ባች ከየት መጀመር እንዳለበት ያውቃል።

የዚያች አውሮፕላን ታሪክም በከንቱ አልቀረም። የባሕር መቆጣጠሪያ መርከቡን አሜሪካኖቹ ባይሠሩትም ስፔን ንድፉን መሠረት አድርጋ ፕሪንሲፔ ደ አስቱሪያስ የተባለችውን መርከብ ሠርታ በ1988 አገልግሎት አስጀምራለች፤ ሃሪየሮችም ከላይዋ ይነሱ ነበር። ቀጥ ብሎ የሚያርፍ፣ ከድምፅም የሚፈጥን አውሮፕላን በ2015 በአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሥራ ጀመረ፤ ኤፍ-35ቢ ይባላል። ከአብራሪው መቀመጫ ጀርባ ሞተሩ በዘንግ የሚያሽከረክረው ትልቅ ፋን አለው፤ ብዙ አየር በዝግታ ወደ ታች ይገፋል። ሮክዌል የፈለገው ያንኑ ነበር፤ መንገዱ ተለየ። 19 እና 6 የሚሉት ቁጥሮች ግን እንደተለኩ ተጽፈው ተቀምጠዋል። ለእኛም፣ ዶርም ውስጥ ለተቀመጥነው፣ የደረሱን ለዚህ ነው።

ሲሙሌሽንና ጨዋታ ተዉ እያልን አይደለም፤ እኛም አልተውንም። የምንጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። በዚህ ሴሚስተር የምታስገቡት ሪፖርት ላይ፣ የጤና ተማሪም ሁኑ የአካውንቲንግ፣ በእያንዳንዱ ቁጥር ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ ይህን ለክተነዋል ወይስ ገምተነዋል? ሌላው ሁሉ ከዚያ ይቀላል ኢንሻአላህ።

«ሀ»ንም «ለ»ንም ማየት የምትፈልጉ ጁምዓ ከዐስር ሶላት በኋላ እኛን ፈልጉን። ላፕቶፑ ቻርጅ ካለው ሁለቱንም እናሳያችኋለን፤ መጀመሪያ የማትነሳዋን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።